በእግር የሚከፈት መንጋጋ

የጋሽ ይሄነውን ሞት የሰማሁት የበር ማጠፊያ ልገዛ በገባሁበት ሱቅ ነው። የጓዳችን በር በነፋስ ተወርውሮ ሲዘጋ የትንሿን ልጄን ጣት እንዳይቆርጥብኝ ስለምሰጋ፣ ማጠፊያውን በጠንካራ ለመቀየር ነበር የወጣሁት። ባለሱቁ ዕቃውን በጋዜጣ እየጠቀለለ፣

"እኒያ ወርክሾፕ አብረሻቸው የሠራሽው ሰውዬ፣ ጋሽ ይሄነው፣ ዛሬ ጠዋት አረፉ አሉ" አለኝ።

እኔ ምን አደረግሁ? ጋዜጣውን ፈትቼ የማጠፊያውን ቪቴዎች አንድ በአንድ እያወጣሁ ማስተያየት ጀመርሁ። አንደኛው ከሌሎቹ ያጥር ነበር።

"ይህን ለውጥልኝ" አልሁት።

ሰውዬው ትክ ብሎ አየኝ። እግዚአብሔር ይማራቸው ያልሁት ቪቴው ከተለወጠልኝ በኋላ ነው። ይህን ጠባይ ያስያዙኝም ሟቹ ራሳቸው ናቸው።

ደብረ ማርቆስ ዳር ላይ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ለገጠር ቀበሌዎች የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር አንድ የግል ድርጅት ነበር። ዛሬ ግቢው የእህል መጋዘን ሆኗል። ባለቤቴ አስማረ እዚያ ቆፋሪ ነበር። እኔ ወርክሾፑን እጠርግ፣ ለሠራተኞቹም ሻይ አፈላ ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ነገር ግን የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለሆነ የዕቃ መዝገቡን አልፎ አልፎ ያስጽፉኝ ነበር። ጋሽ ይሄነው የወርክሾፑ ኃላፊ ነበሩ። ረዥም፣ ደረቅ ሰው ናቸው። በግራ ጆሯቸው ላይ እርሳስ፣ በደረት ኪሳቸው ካሊፐር አይጠፋም። ካሊፐር የብረትን ውፍረት እስከ ፀጉር ቅጥነት ድረስ የሚለካ መሣሪያ ነው። እሳቸው ሰውንም በዚያው የሚለኩ ይመስሉ ነበር።

ዘወትር ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው። "ለካኸው ወይስ ገመትኸው?" ብረት ቆርጦ ያመጣውን፣ ዘይት የቀየረውን፣ በር የዘጋውን ሁሉ ይጠይቁታል። እኔንም በሻዩ ስኳር ይጠይቁኛል። አንድ ቀን ትልቋ ልጄ ታማብኝ እንዲያሰናብቱኝ ለመንኋቸው።

"ትኩሳቷን ለካሽው ወይስ ገመትሽው?"

"በእጄ ዳሰስኋት፣ ጋሼ። ታቃጥላለች።"

"እጅሽ ላይ ቁጥር ተጽፏል?"

ወደ መጥረጊያዬ መለሱኝ። ልጄ በማግስቱ ሐኪም ቤት ገባች፤ ሳምንት ተኛችብኝ። ወደ ሥራ ስመለስ አዲስ ቴርሞሜትር አምጥተው የሻይ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወሩት። "እንዴት ሆነች?" እንኳ አላሉኝም። ቴርሞሜትሩ ዛሬም አለኝ።

ክፉ ነበሩ። ሞተዋል ብዬ ቃሌን አላጥፍም። ልጅ እግር ያልሆነ፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነ አንድ በያጅ ዘንግ በሁለት ሚሊ አሳጥሮ ቆረጠ ብለው የተበላሸውን ቁራጭ በሽቦ አስረው አንገቱ ላይ አንጠልጥለውበት ውለዋል። ምሳውንም የበላው ብረቱ ሳህኑ ላይ እየተንኳኳበት ነው። እኔ ደግሞ አንድ ቀን የአተር ፍሬ የምታክል የማሽን ጥርስ ሳላውቅ ከፍቅፋቂው ጋር ጠርጌ ጣልሁ። የቆሻሻውን በርሜል ወለሉ ላይ ገለበጡና "ፈልጊያት" አሉኝ። ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን፣ ቶርኖው፣ የሚጥለው ፍቅፋቂ እንደ ምላጭ ነው። በባዶ እጄ ስፈትሽ ጣቶቼ ደሙ። ጥርሷን ሳገኛት ተቀብለውኝ በካሊፐሩ ለኩና፣ "ደምሽን ጥረጊላት፤ ደም ብረት ያዝጋል" አሉ።

አሁን ስለ አስማረ እጅ ልናገር።

ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ማሽኑ ረዣዥም የብረት ዘንጎችን ጫፍ ለጫፍ እየቀጠለ ወደ መሬት ይሰዳቸዋል። አዲስ ዘንግ ሲቀጠል፣ ቀድሞ የወረደው ሁሉ በጉድጓዱ አፍ ላይ ተይዞ መቆየት አለበት። ያን ጊዜ የሚይዘው በሰንሰለት የሚጠብቅ ቀለበት ነበር። የሚያጠብቀውም ሰው በእጁ ነው። ከይጁቤ ወዲያ አንድ ቀበሌ ሲቆፍሩ ሰንሰለቱ ሾለከ። የወረደው ዘንግ ሁሉ በአንዴ ሲምዘገዘግ የአስማረን ቀኝ እጅ ከሰንሰለቱ ጋር ይዞት ወረደ። አራቱ ጣቶቹ እዚያው ቀሩ። የተረፈችው አውራ ጣቱ ብቻ ናት።

ጋሽ ይሄነው ሐኪም ቤት ሊጠይቁት መጡ። ብርቱካን አልያዙም። በላስቲክ ጠቅልለው ያመጡት ያንኑ ሰንሰለት ነበር። አልጋው ላይ ዘረጉት።

"ስንት ዙር አዞርኸው?"

አስማረ ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ተጋድሟል። "ሦስት መሰለኝ፣ ጋሼ።"

"መሰለህ?" ሰንሰለቱን መልሰው ጠቀለሉት። "ጣትህም የሄደው በመሰለኝ ነው።"

ይህን ብለው ወጡ። በር ላይ ተከትያቸው፣ "ልብዎ ድንጋይ ነው! የእርስዎን እጅ ያድርቀው!" ብዬ ጮኽሁባቸው። ዘወር እንኳ አላሉም።

አስማረ ከዚያ በኋላ ቤት ዋለ። እኔም ከዚያ በኋላ ነው እንዲህ የሆንሁት። ልጆቼ በር ሲነኩ፣ ቢላ ሲይዙ፣ ሣጥን ሲከፍቱ፣ "እጅሽን!" እያልሁ እጮኻለሁ። በእንቅልፌም እንደምጮኽ ይነግሩኛል።

አጥር ለአጥር የምንዋሰነው ጎረቤታችን ሸማኔ ነው። አስማረ የሚሠራው ቢያጣ ከሸማ መሥሪያው አጠገብ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ የሸማኔውን እግር ሲያይ ይውላል። ሸማኔ ክሩን የሚከፍተው መርገጫውን በእግሩ እየረገጠ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አስማረ እጁን በጋቢ ሸፍኖ ወርክሾፕ መጣ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር።

"ጋሼ፣ የዘንጉን መያዣ አሰብሁበት። በእግር የሚከፈት ይሁን። እጅ ጭራሹን አይጠጋው።"

ጋሽ ይሄነው ከቶርኖው ሳይነሡ፣ "አእምሮ ያበቀልኸው ጣትህ ከተቆረጠ በኋላ ነው?" አሉት። ሠራተኞቹ ሳቁ። አስማረ አልሳቀም፤ አልሄደምም። በግራ እጁ መሬቱ ላይ በከሰል ሥሎ አሳያቸው። እሳቸው ከላይ ሆነው አዩት። ከዚያ በጫማቸው አጠፉት።

"ዘንጉ ተንጠልጥሎ እያለ አንዱ በስሕተት ቢረግጠውስ? አሥር ሰው ትገድልልኛለህ። ሂድ፣ ቤትህ ተቀመጥ።"

ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ አይወጡም ነበር። ሁሉም ሲወጣ እሳቸው ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ ጎንበስ ብለው ብረት ይሞርዳሉ። አንዱን ሠርተው ያፈርሱታል፤ ሌላውን ይጀምራሉ። የጣሉትን እኔ ነኝ የምጠርገው፤ ስንት እንደጣሉም አውቃለሁ። ሠላሳ ሰባት ነው። በመጨረሻ የወጣው ሦስት ጥርሳም ሽብልቆች ያሉት ወፍራም ቀለበት ነበር። የዘንጉ ክብደት ወደ ታች በሳበው ቁጥር ጥርሶቹ ይበልጥ ይነክሱታል። የሚከፈተው በእግር ነው፤ ሆኖም ክብደት እስካለበት ድረስ በሬ ቢረግጠውም አይከፈትም። መርገጫው የአስማረ ሐሳብ ነው። ክብደት እያለበት እንዳይከፈት ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ሠራተኞቹ "መንጋጋ" አሉት፤ ስሙ እንደዚያው ቀረ።

መጀመሪያ የተሞከረው ሉማሜ አጠገብ በሚገኝ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። ሁለት ጉድጓድ ደርቆባቸው ሦስተኛውን ሊቆፍሩ ሲሉ ጋሽ ይሄነው ተሳሉ። "ውኃው እስኪወጣ ድረስ አንድ ዘንግ ካላመለጠው፣ መንጋጋውን ለአንተ እሰጣለሁ፤ በንግሥህም ቀን እመሰክራለሁ" አሉ። አንድም ዘንግ አላመለጠም። ውኃው ወጣ።

በኅዳር ሚካኤል ስለታቸውን አስገቡ። በእኛ አገር ስለት ተደብቆ አይገባም፤ ምን እንደተሳልህና ምን እንደተደረገልህ ሕዝብ መስማት አለበት። ቄሱ መንጋጋውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው በድምፅ ማጉያ አስነገሩ። ከዚያ ጋሽ ይሄነው ማይኩን ተቀበሉ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ጥርሱን፣ ሽብልቁን፣ መርገጫውን እየፈቱ፣ እየገጠሙ ለገበሬው፣ ለዲያቆናቱ፣ ለሴቶቹ ሁሉ አስረዱ። ልጆች በስልካቸው ይቀርጻሉ። ሕዝቡ እልል አለ። አስማረ እጁን በጋቢው ውስጥ እንደያዘ አጠገቤ ቆሟል። ስሙን ይጠሩታል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠሩትም። መንጋጋው እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተገጥሞ የፓምፑን ቱቦ እንዲይዝ ተደረገ።

ሦስት ዓመት አለፈ። መንጋጋው በእኛ ማሽኖች ላይ ሁሉ ተገጠመ፤ ከአስማረ ወዲህ አንድም ሰው ጣቱን አላጣም። አንድ መሐንዲስ ሊጎበኝ መጥቶ ሲያየው፣ "ይህማ ፓተንት ሊወጣለት ይገባል። ሌላው ሠርቶ የራሴ ነው እንዳይልብዎ" አላቸው። ፓተንት የፈጠርኸው ነገር የአንተ ለመሆኑ መንግሥት የሚሰጥህ ወረቀት ነው። ጋሽ ይሄነው ያን ወረቀት ወደዱት። ልጅ የላቸውም፤ ሚስታቸውም ገና ድሮ ጥላቸው ሄዳለች። ስማቸው የሚቀርበት ሌላ ነገር አልነበረም።

ማመልከቻውን እኔን አስጻፉኝ። እሳቸው ይናገራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። የባለ ፈጠራው ስም የሚል መስመር ላይ ስደርስ ብዕሬን አቆምሁ።

"የአስማረንስ ልጻፍ፣ ጋሼ?"

"አስማረ ምን ሠራ?"

"መርገጫውን።"

"አስማረ ጣቱን ሰጠ። ጣት መስጠት ፈጠራ አይደለም። ጻፊ።"

በገዛ እጄ የእሳቸውን ስም ብቻ ጻፍሁ። ዝቅ ብሎ ዕቃው ቀደም ሲል ለሕዝብ ታይቶ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር አለ። እዚያም ላይ ቆምሁ።

"ሚካኤልስ?"

"እሱ ስለት ነው። የሰጠሁት ለመልአኩ ነው፤ ከመልአኩ ጋር የተነጋገርሁትን ለመሥሪያ ቤት አልነግርም። አልታየም በይ።"

አልታየም ብዬ ጻፍሁ። ውሸት የተናገሩ አልመሰላቸውም። እኔም ያን ዕለት ውሸት የጻፍሁ አልመሰለኝም።

ከወራት በኋላ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ማመልከቻውን የያዘችው መርማሪ ጻፈችላቸው። መርማሪ ሲሉኝ ፖሊስ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ለካስ ፈጠራው በእርግጥ አዲስ መሆኑን የምታጣራ ባለሙያ ናት። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር እኔ አነበብሁላቸው። በክብደት የሚጠብቅ ባለ ሽብልቅ መያዣ በውጭ አገር ከታወቀ ቆይቷል፤ ታዲያ የእርስዎ አዲስ የሚሆነው በምኑ ነው? የመርገጫውን ክፍልስ ያሰበው ማን ነው? የተሞከረው የት ነው? የጥርሱ ማዘንበያ ስንት ዲግሪ ነው? መጨረሻ ላይም ማሳሰቢያ ነበረው፤ ከማመልከቻው ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ለሕዝብ የታየ ነገር ፓተንት አይሰጠውም።

"ይቺን መጨረሻዋን ድገሚያት" አሉኝ። ደገምሁላቸው። "እሷ እኛን አትመለከትም" አሉ። ከዚያ ፈገግ አሉ። "አየሽ? ይቺ ልጅ እኔ እናንተን የምጠይቀውን ነው የምትጠይቀኝ። ጎሽ!"

መልሱን ግን እኔን አላስጻፉኝም። ከተማ ገብተው በኮምፒውተር አስጽፈው ላኩ። የእጅ ጽሑፌ አስጠላቸው ብዬ ቅር አለኝ።

መርማሪዋ መንጋጋውን በዓይኗ ልታየው መጣች። ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ናት፤ የራሷን ካሊፐር ይዛለች። ግማሽ ቀን ሙሉ ለካች፤ አስረገጠች፤ ክብደት እያንጠለጠለች ሞከረች። ጋሽ ይሄነው እንደ ተማሪ ከኋላ ከኋላዋ ይከተሏታል። ሻይ ይዤ ስገባ፣

"ይህን እንዲሠሩ ያነሣሣዎት ምንድን ነው?" ስትላቸው ሰማሁ።

"አንድ ሠራተኛ ነበረኝ፤ እስከ ሦስት መቁጠር የማይችል" አሉ እየሳቁ። "ጣቱን ለሰንሰለት መግቦ ቁጭ አለ። ለእንደዚያ ያለ ሰው ነው የሠራሁት።"

ትሪውን አስቀመጥሁ። አንድም ብርጭቆ አልደፋሁም። ወጥቼ ቧንቧው አጠገብ ቆምሁ።

ልጅቷ እጇን ልትታጠብ መጣች። ሳሙና ሰጠኋት፤ ውኃውን ከፈትሁላት።

"እናቴ፣ እዚህ ብዙ ጊዜ ሠርተዋል?"

"ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ልጄ።"

"ይህን መንጋጋ ተገጥሞ መጀመሪያ ያዩት የት ነው? ትዝ ካላለዎት ግድ የለም።"

እኔ ጠራጊ ነኝ፤ የብረት ነገር አላውቅም ማለት እችል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ የሚጠረጥረኝም የለም።

"ትዝ ይለኛል" አልኋት።

"እዚሁ ግቢ ነው?"

"የለም። ሉማሜ አጠገብ፣ ሚካኤል።"

"ሌላ ሰው ነበረ?"

"ንግሥ ነበር እኮ! በንግሥ ቀን ሰው ይጠፋል?"

እጇን መጥረግ አቆመች። "ስንት ዓመት ይሆነዋል?"

እዚህ ላይ አምና ብል ኖሮ ሁሉም ነገር በዳነ። የዓመቱን ነገር አውቃለሁ፤ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ያነበብሁት እኔ ነኝ። በዚያው ሰሞን የነበረውን የትንሿን ልጄን ክርስትና አሰብሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ ወሩን ቆጠርሁ። "ማመልከቻው ሊገባ ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው" አልኋት። "ከሦስት ዓመት ላይ ሁለት ወር ይጎድለዋል። መንጋጋው አሁንም እዚያው ጉድጓዱ ላይ አለ።"

አመስግናኝ ሄደች። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ በሚካኤል ስም መዋሸት ፈርቼ ነው አልኋቸው። ለእሳቸው ያልሁት ይህ ነው።

የውሳኔው ደብዳቤ የመጣው መልሱ ከተላከ በሰባት ወሩ ነው። ምሳ ሰዓት ነበር፤ ያን ዕለት ሠራተኞቹ በየሣጥኑ ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ይበላሉ። ጋሽ ይሄነው ፖስታውን ሰጡኝ።

"አንብቢ። ጮክ ብለሽ።"

"አመልካቾች" ብዬ ጀመርሁ፤ "አቶ ይሄነው ላቀው እና..." ቆምሁ። ወረቀቱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። "እና አቶ አስማረ ፈንቴ።"

"ቀጥይ" አሉኝ።

ቀጠልሁ። በእግር የሚከፈተውና ክብደት ሲኖርበት የሚቆለፈው ክፍል በውጭም ሆነ በአገር ውስጥ ሌላ ቦታ አልተገኘም፤ በዚህ ረገድ ፈጠራው ብልሃት ያለው ነው ይላል። ነገር ግን ይኸው መሣሪያ ከማመልከቻው ሦስት ዓመት ገደማ ቀድሞ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በሕዝብ ፊት ተፈትቶ፣ ተገጥሞ ታይቷል፤ ምስሉ በአንድ ዲያቆን ስልክ ላይ ተገኝቷል፤ መሣሪያው ራሱም በጉድጓዱ አፍ ላይ ለማንም ይታያል። ስለዚህ ማመልከቻው ውድቅ ተደርጓል። አነበብሁት።

ጋሽ ይሄነው ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉት።

"ስትነግሪያት ዓመቱን ለካሽው ወይስ ገመትሽው?"

ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ምናልባት ማንም አልነገራቸውም።

"ለካሁት፣ ጋሼ።"

"ጥሩ። ዛሬ ገና አንድ ሥራ ሳታበላሺ ሠራሽ።"

"የአስማረን ስም መቼ..."

"ልጅቷ መርገጫውን ማን አሰበው ብላ ጠየቀች። የተጠየቅሁትን መለስሁ። ለተጠየቀው እውነት የሚመልሰው አንቺ ብቻ ነሽ?"

ቶርኖውን አስነሡት። ከዚያ በኋላ ብናገርም አይሰሙኝም ነበር።

ቤት ገብቼ ለአስማረ ነገርሁት። ሁሉንም ነገርሁት፤ የቧንቧውንም።

"ስሜ ወረቀቱ ላይ ስንት ጊዜ ቆየ?" አለኝ።

"ሰባት ወር።"

"ሰባት ወር ሙሉ ሰው ነበርሁ" አለ። "የሚነግረኝ ጠፋ እንጂ።"

ዛሬ መንጋጋውን ማርቆስ ውስጥ ሦስት ወርክሾፖች ይሠሩታል። ባሕር ዳርም ይሸጣል አሉ። ፓተንት የለውምና ከልካይ የለውም። አንዱ ሠሪ የራሱን ስልክ ቁጥር ብረቱ ላይ ቀርጾበታል። ድርጅቱ ሲዘጋ ጋሽ ይሄነው አንዲት አሮጌ ቶርኖ ይዘው አንድ ክፍል ተከራዩ። እስከዚያ ድረስ ግን አንድ ዓመት ያህል አብረን ሠርተናል፤ በዚያ ዓመት ውስጥ ያን ጥያቄ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ሌላውን ሁሉ ይጠይቁታል። እኔ ሻይ ሳቀርብላቸው ዝም ብለው ይጠጣሉ። ስኳር ሳልጨምርበት ባቀርብላቸውም ዝም ብለው ይጠጡታል። ሆን ብዬ ሞክሬዋለሁ።

ማጠፊያውን ይዤ ከሱቅ እንደተመለስሁ እኅታቸው ከይጁቤ መጥታ ቤቴ ጠበቀችኝ። በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍላት ፈለገች።

"የወንድሜን መዝገብ ሁሉ ይጽፉ የነበሩ እርስዎ ነዎት አሉኝ። ጽሑፍዎ ያምራል አሉ።"

እሷ ነገረችኝ፤ እኔ ጻፍሁ። የት እንደተወለዱ፣ የት እንደተማሩ፣ በስንት ድርጅት እንደሠሩ። ስለ ሥራቸው ስደርስ ያለ እሷ ነጋሪነት ከራሴ ጨመርሁበት፤ በእግር የሚከፈተውንና መንጋጋ የተባለውን የዘንግ መያዣ ከአቶ አስማረ ፈንቴ ጋር ሆነው ፈጥረዋል አልሁ። እኅትየዋ ከሄደች በኋላ አስማረ አነበበው።

"ስሜን አውጪው።"

"ለምን? እውነት አይደለም?"

"ሲያስገቡኝ አልነገሩኝም። እኔም ስወጣ አልነግራቸውም።"

"አስማረ..."

"ፍቂው አላልሁሽም። በአዲስ ወረቀት ጻፊው። ሥርዝ አይኑርበት፤ እሳቸው ሥርዝ አይወዱም።"

በአዲስ ወረቀት ገለበጥሁት። በገዛ እጄ፣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ የእሳቸውን ስም ብቻ ጻፍሁ።

ቀብሩ ላይ ጽሑፉ ሲነበብ አንዳንድ የድሮ ሠራተኞች አስማረን ዘወር ብለው አዩት። ያ አንገቱ ላይ ብረት ተንጠልጥሎበት የዋለው በያጅም ነበር፤ ያለቅሳል። ሣጥኑን በሁለት ገመድ አድርገው ወደ ጉድጓዱ ማውረድ ጀመሩ። ግማሹ ላይ ሲደርስ በእግርጌው በኩል የያዘው ጎልማሳ አፈሩ ከዳውና ገመዱ ከእጁ ሾለከ። ሣጥኑ አዘነበለ። አስማረ ከሰው መሀል ወጥቶ የሚምዘገዘገውን ገመድ በዚያው በቀኝ እጁ ቀለበው። በእጁ አንጓ ላይ አንድ ዙር ጠመጠመው፤ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ወደ ኋላ ተለጠጠ።

"እጅህን!" የሚለው ጩኸት ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። በነጠላዬ አፌን አፈንሁት።

ገመዱ ቆዳውን እየላጠው ነበር። ሁለተኛ ዙር ሲጠመጥም አየሁት፤ ቀጥሎም ሦስተኛ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ጸሎት መስሏቸው አጠገቤ ያሉት ሴቶች አማተቡ። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ይቆጥር ነበር።